በሦስት እግር የሚሄድ ሞተር

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሣ ያደረ ጥርስ፣ ጧት ከሐኪም ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጸጥ ይላል። ሐኪሙ «የትኛው ነው የሚያምዎ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሽተኛው ጣቱን አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ ያመለክታል። መኪናም እንዲሁ ናት። ሳምንቱን በሙሉ ስትንተባተብና ስታነክስ የሰነበተች መኪና፣ መካኒክ ፊት በቆመች ጊዜ ምንም እንዳልነካት ሆና ትሠራለች። ባለቤቷ ያፍራል፤ መካኒኩ ፈገግ ይላል፤ ከጋራዡ በር ወጥታ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ግን የቀድሞ አመሏ ይነሣባታል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ዐይነቱ በሽታ ነው። ይኸውም በናፍጣ የሚሠራ ያረጀ ሞተር፣ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ምት ሲስትና ሲያነክስ፣ ምክንያቱ በምን መንገድ ተፈልጎ እንደሚገኝና እንደሚጠገን ለማሳየት ነው።

አንባቢ፣ «እኔ ከወር እስከ ወር በደመወዝ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ወይም «ገና ተማሪ ነኝ፤ መኪና የለኝም፤ ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ መኪና የሌለው ሰው ሁሉ ከመኪና በሽታ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በየጧቱ የሚሳፈርባት ሚኒባስ ዳገት ላይ ስትቀር ከቢሮው የሚዘገየው፣ ከፈተናው የሚቀረው እሱ ነው። በየቤተ ሰቡም በአሮጌ መኪና እንጀራውን የሚበላ አንድ አጎት ወይም አንድ ጎረቤት አይታጣም። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ አንድ ጊዜ የሚሰወር ጥፋትን ማደን ከመኪና ውጭም የሚያገለግል የአእምሮ ሥራ ነው።

ደግሞም ያረጀች መኪና በአገራችን ቶሎ የምትጣል ዕቃ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት የናፍጣ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን እየተጠገኑ መኖራቸው የማይቀር ነው። ጥገናው በግምት የሚሠራ ከሆነ ግን፣ ከመኪናዪቱ ይልቅ የባለቤቷ ኪስ ቀድሞ ያልቃል።

እሳት ያለ ክብሪት

በሽታን ለማወቅ አስቀድሞ ጤናን ማወቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን ከአየር ጋራ ቀላቅሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቃጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። በመጀመሪያ አየርን ብቻ ወደ ሲሊንደር ይስባል፤ ቀጥሎም ፒስቶኑ ያንን አየር ከቀድሞ መጠኑ ወደ አንድ ሃያኛ ግድም እስኪወርድ ድረስ ያምቀዋል። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው በኖዝል አፍ እንደ ጉም ተበትኖ ይረጫል፤ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ይነዳል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ተማሪ ሁሉ የመንፊያው አፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። የናፍጣ ሞተር ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን አሳብ ከሥራ ላይ ያዋለው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ከጀርመን ወላጆች በ1858 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተወለደ፤ በ1892 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ የተመረመረው ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። በዚያን ዘመን ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ብዙዎቹ የዚህን ግማሽ እንኳ አይደርሱም ነበር። ዲዝል በ1913 በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ሌሊት ከመርከቡ ጠፍቶ ቀረ፤ ሞተሩ ግን ስሙን ይዞ ዓለምን ዞረ።

በዲዝል ጊዜ ናፍጣው ወደ ሲሊንደር የሚገባው በታመቀ አየር እየተገፋ ነበር። ለዚህም ትልቅ የአየር መጭመቂያ ስለሚያስፈልግ ሞተሩ ለመርከብና ለፋብሪካ እንጂ ለአውቶሞቢል አይመችም ነበር። የሮበርት ቦሽ ኩባንያ በ1927 ናፍጣን ያለ አየር፣ ብቻውን በኀይል የሚገፋ ፖምፓ በብዛት መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የናፍጣ ሞተር ከአውቶሞቢል ጋራ እየተላመደ ሄደ፤ በ1936 የወጣው መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ በብዛት ተሠርተው ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ አውቶሞቢሎች አንዱ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የናፍጣ ተሸካሚ የነበረው አየር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የናፍጣ ጠላት ሆነ። እንዴት እንደ ሆነ ጥቂት ሒሳብ ያስረዳናል።

ከውሃ ጠብታ ያነሰ ነገር

ባለ አራት ሲሊንደር የሆነ፣ 2.4 ሊትር የሚይዝ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። መኪናዪቱ ቆማ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር፣ መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት አኳኋን፣ በደቂቃ 700 ጊዜ ይዞራል እንበል። በዚህ ዐይነት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቃጥለው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ በደቂቃ 350 ጊዜ፣ አራቱ በጠቅላላው 1,400 ጊዜ ያቃጥላሉ። ይህም በሰዓት 84,000 ጊዜ ነው። ሞተሩ በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ናፍጣ ስድስት ዐሥረኛ ሊትር ቢሆን፣ ለ84,000 ስናካፍለው በያንዳንዱ ምት የሚረጨው 7 ሚሊ ሜትር ኩብ ግድም ይሆናል። አንዲት የውሃ ጠብታ 50 ሚሊ ሜትር ኩብ ያህል ናት። እንግዲህ ፖምፓው አንዲቱን ጠብታ ለሰባት ከፍሎ፣ በየተራው ለየሲሊንደሩ ያድላል ማለት ነው።

አሁን በዚህች ትንሽ ድርሻ ውስጥ የአየር አረፋ ቢገባ ምን ይሆናል? አሮጌ ሞተር ላይ ያለ ኖዝል የሚከፈተው ግፊቱ ከመቶ አትሞስፌር በላይ ሲደርስ ነው። ናፍጣ ፈሳሽ ስለ ሆነ ሲገፉት እምብዛም አይታመቅም፤ ግፊቱን ወዲያውኑ ለኖዝሉ ያደርሳል። አየር ግን፣ ሮበርት ቦይል በ1662 እንዳስታወቀውና በየትምህርት ቤቱም እንደምናስተምረው፣ ግፊቱ ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። ፖምፓው ሲገፋ አረፋው ይታመቃል፤ ፖምፓው ሲመለስ አረፋው ይለቀቃል። ኖዝሉ ሳይከፈት ተራው ያልፋል። ሲሊንደሩም ሳያቃጥል ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ሞተሩ የሚያነክሰው።

ይህን በቤት መፈተን የሚፈልግ ተማሪ አዲስና መርፌ የሌለው የሐኪም ስሪንጅ ይያዝ። ውሃ ሞልቶ፣ አየሩን ጨርሶ አስወጥቶ፣ አፉን በጣቱ ደፍኖ ይግፋው፤ ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎም ጥቂት አየር አስገብቶ እንደገና ይግፋው፤ እንደ ላስቲክ ይገባና ይመለሳል። ናፍጣ ጠጥታ አየር የዋጠች መኪና ሁኔታዋ ይኸው ነው።

ምልክቶቹ ምን ይላሉ?

ሞተር እንዲያነክስ የሚያደርገው አየር ብቻ አይደለም። አንድ የናፍጣ ሲሊንደር ለማቃጠል አራት ነገር ይፈልጋል፤ በቂ አየር፣ በቂ ሙቀት፣ በልክ የተሰጠ ናፍጣ፣ ትክክለኛ ጊዜ። ከአራቱ አንዱ ሲጓደል ምቱን ይስታል። የትኛው እንደ ተጓደለ ለማወቅ ቁልፍ ከማንሣት በፊት ማየት፣ መስማትና መጠየቅ ይገባል።

ጧት ብርድ ላይ ብቻ አንክሶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚስተካከል ሞተር ሙቀት ጎድሎታል። በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት የማሞቂያ ካንዴላዎች ናቸው። ሽቦውን ከላያቸው አውልቆ በኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ በአንድ መመርመር ነው። በባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ደኅናው ካንዴላ አንድ ኦም ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ያሳያል፤ የተቃጠለው ግን ኤሌክትሪክ ጨርሶ አያስተላልፍም። ካንዴላዎቹ ሁሉ ደኅና ከሆኑ የፒስቶን ቀለበቶች ወይም ቫልቮች አልቀው ኮምፕሬሽኑ ወርዶ ይሆናል።

ጭሱም ቋንቋ አለው። ዐይን የሚያቃጥል፣ የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ገብቷል፣ ነገር ግን አልነደደም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ እንፋሎት፣ ከራዲያተር ውሃ መጉደል ጋራ ሲሆን፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላቱን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለ ቱርቦ ያልሆነ ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ቢያጠቁር ወዲያው ፖምፓውን መክሰስ አይገባም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ማየት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ የሚያነክሰው ሁልጊዜ አንዱ ሲሊንደር ነው ወይስ ተራ በተራ? አንድ ኖዝል ከተበላሸ ወይም አንድ ቫልቭ ካልዘጋ፣ በደሉ ያው በአንዱ ሲሊንደር ላይ ይቆያል፤ ሞተሩም በሦስት እግሩ እኩል እየረገጠ ይሄዳል። በናፍጣው ውስጥ አየር ወይም ውሃ ከገባ፣ ወይም የናፍጣ ፊልትሮው ከተደፈነ ግን በሽታው ቤት የለውም፤ አሁን አንደኛውን፣ አሁን ሦስተኛውን ይነካል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ ብሎ ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ፣ ፖምፓው ላይ ናፍጣ ለሚከፍተውና ለሚዘጋው የኤሌክትሪክ መዝጊያ የሚሄደው ሽቦ ላልቶ ይሆናል።

የአንድ ጎረቤት መኪና

ይህ ሁሉ ቃል ብቻ እንዳይሆን አንድ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። በሰፈሬ የሚኖሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው፣ ባለ አራት ሲሊንደር ያረጀች የናፍጣ ሚኒባስ አለቻቸው። ራሳቸው ይነዳሉ፤ ቤተ ሰባቸውም በእርሷ ይተዳደራል። ሚኒባሷ ከጥቂት ወራት ጀምሮ ማንከስ አበዛች። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ያለ እንከን ትውላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ እየተንገጫገጨች ተሳፋሪውን ታሳቅቃለች። አንድ ጋራዥ ወሰዷት፤ ፊልትሮ ቀየሩላት። ለሦስት ቀን ደኅና ሆነችና በአራተኛው ቀን ያው ሆነች። ወደ ሁለተኛ ጋራዥ ሲወስዷት፣ «ፖምፓው አልቋል፤ መውረድና መታደስ አለበት» ተባሉ። የተጠየቁት ገንዘብ ከዕቁብ ከወጣላቸው አይተርፍም።

«መምህር» አሉኝ አንድ ማታ ደጃፍ ተገናኝተን፣ «ዕቁቡ ለልጄ የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ ነበር። ፖምፓው ከበላው ልጅቷ ዘንድሮ ቤት መዋሏ ነው። አንተ ፊዚክስ ታስተምራለህ፤ እውነት ፖምፓ ነው?»

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ «ነው» ወይም «አይደለም» ለማለትም ማስረጃ አልነበረኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው፤ ፖምፓው ከመውረዱ በፊት አንድ ሳምንት እንዲታገሡና አንድ የተማሪ ደብተር ከመሪው አጠገብ እንዲያኖሩ። በየጉዞው መጨረሻ አራት ነገር ይጻፋል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቅ ያለ፣ መንገዱ ሜዳ ነበር ወይስ ዳገት፣ በሰርባቶዮው ውስጥ ያለው ናፍጣ ምን ያህል ነበር፣ አንክሷል ወይስ አላነከሰም? ረዳቱ ልጅ ጽሕፈቱ መልካም ስለ ነበር ሥራው ለእርሱ ተሰጠ።

ሳምንቱ ሲያልቅ 23 ጉዞ ተመዝግቦ አገኘን። ሞተሩ ያነከሰው በ6ቱ ብቻ ነው። ብርድና ሙቀት ምንም ልዩነት አላመጣም፤ ከስድስቱ ሁለቱ ጧት፣ አራቱ ከቀትር በኋላ ነበሩ። ነገር ግን ስድስቱም ጊዜ ሰርባቶዮው ከግማሽ በታች ነበር፤ አምስቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነበሩ። ሰርባቶዮው ከግማሽ በላይ ሲሆን ያንኑ ዳገት ወጥታ አንድ ቀን እንኳ አላነከሰችም። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ሦስት ቀን ለምን ደኅና እንደ ሆነች ጋሼን ብጠይቃቸው፣ «በዚያን ቀን ናፍጣ ሞልቼ ነበር» አሉኝ። ያለቀ ፖምፓ ሰርባቶዮው ሙሉ ነው ጎደሎ ነው ብሎ አይመርጥም። ስለዚህ ጥርጣሬያችን ከፖምፓው ወደ ኋላ፣ ናፍጣው ወደሚመጣበት መንገድ ዞረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ስለ ሆነ አንድ ወጣት መካኒክ ጠራን። እርሱም መጀመሪያ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥቶ፣ በየኖዝሉ ላይ ያለውን የናፍጣ ቱቦ ብሎን አንድ በአንድ ግማሽ ዙር እያላላ መልሶ አጠበቀው። ይህ ፈተና ቀላል ነው። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ግን አስቀድሞም አይሠራም ነበር። አራቱም ሲላሉ ድምፁ እኩል ወረደ። እንግዲህ በደለኛ የሆነ አንድ ሲሊንደር አልተገኘም። አንዱ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ሥራ የዚያን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋራ መለዋወጥ ነበር፤ በሽታው ከኖዝሉ ጋራ ከተዛወረ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፣ በቦታው ከቀረ ደግሞ የኮምፕሬሽን ወይም የፖምፓ ነው።

ቀጥሎ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ቀዳ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ቢኖር ኖሮ ከታች ይዘቅጥ ነበር፤ ግን አልታየም። በዚህ ውሃው ነጻ ወጣ።

በሦስተኛ ደረጃ መኪናዪቱ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ዳገት ላይ ቆመች። የእጅ ፍሬኗ ተሳበ፤ ከየጎማዋ በስተኋላ ድንጋይ ተደገፈ። ሰርባቶዮዋ ከሩብ አይበልጥም ነበር። መካኒኩ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ያለውን ጥቁር ቱቦ አውልቆ በቦታው ውስጡ የሚታይ፣ ናፍጣ የማይበላው ቱቦ አስገባ። ሞተሩ ተነሣ፤ ነዳጅ ተሰጠው። ናፍጣው በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ እንደ ዶቃ የተደረደሩ አረፋዎች ታዩ፤ ጥቂት ቈይቶም ሞተሩ አነከሰ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አይተው «እነሆ ሌባው» አሉ።

ሌባው ታየ እንጂ የገባበት ቀዳዳ ገና አልታወቀም። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ቱቦውን ሁሉ፣ ፊልትሮውን ከነማቀፊያው ለመቀየር ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መካኒካችን ግን መንገዱን ከሁለት ከፈለው። በመጀመሪያ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ፣ ፖምፓው ከእርሱ በቀጥታ እንዲጠጣ አደረገ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ዙር፣ አረፋም አልታየም፣ ሞተሩም አላነከሰም። በዚህ ፖምፓው ነጻ ወጣ። ጀሪካኑን አንሥቶ የሚታየውን ቱቦ ከፊልትሮው በፊት አስገባ፤ አረፋው ታየ፤ ፊልትሮውና የእጅ መግፊያው ነጻ ወጡ። ከሰርባቶዮው መውጫ ላይ ሲያስገባው ግን አረፋ የለም። እንግዲህ ቀዳዳው በሰርባቶዮውና በፊልትሮው መካከል፣ ከመኪናዪቱ ሆድ በታች ነው።

መካኒኩ መብራት ይዞ ገባ። የላስቲኩ ቱቦ ከብረቱ ቱቦ ጋራ በሚጋጠምበት ቦታ፣ ከማሰሪያው ሥር፣ ላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ናፍጣ አይንጠባጠብበትም፤ ጥቂት አቧራ ብቻ ረጥቦ ተለጥፎበታል።

ለምን አልንጠባጠበም? በቀሰም ውሃ ስንጠጣ ቀሰሙ በጎኑ ቢሸነቈር ውሃው ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ከሰርባቶዮው አጠገብ የሚገፋ ፖምፓ የላቸውም፤ ፊት ያለው ፖምፓ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ቱቦው የተገፋ ሳይሆን የተሳበ ነው። ሰርባቶዮው ሲሞላ የናፍጣው ከፍታ ስበቱን ያቀልለታል፤ አየሩም በስንጥቁ ለመግባት ጉልበት ያጣል። ሰርባቶዮው ሲጎድል፣ መኪናዪቱም ዳገት ስትወጣና ኋላዋ ሲያዘቀዝቅ፣ ፖምፓው ከጥልቅ ይስባል፤ ሞተሩም ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል። ያን ጊዜ አየሩ ይገባል። የደብተሩ ስድስት መስመሮች የነገሩን ይህንኑ ነበር።

ጥገናው ከምርመራው አጠረ። ያረጀው ላስቲክ ወጥቶ ለናፍጣ የተሠራ አዲስ ቱቦ ገባ፤ ሁለት አዲስ ማሰሪያዎች ታሠሩ፤ በእጅ መግፊያው ናፍጣው እስኪጠና ድረስ ተገፍቶ በመንገዱ የቀረው አየር ወጣ። ለቱቦውና ለማሰሪያዎቹ የወጣው ገንዘብ ሚኒባሷ በግማሽ ቀን ከምታገባው ያነሰ ነበር። መካኒኩም የድካሙን ዋጋ ተቀበለ፤ ይገባውማል። ሚኒባሷ በሩብ ሰርባቶዮ እንጦጦን ወጣች። ልጅቷም በመስከረም ተመዘገበች።

ፖምፓው ይውረድ ያለው ጋራዥ አታላይ ነበር ለማለት አልደፍርም። ያለቀ ፖምፓም ሞተርን ያስነክሳል፤ ግምቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። ርካሹና ቀላሉ ፈተና ሳይሠራ ውዱና ከባዱ ጥገና መቅደም የለበትም። የተሳሳተ ጥገና ደግሞ ገንዘብ ከመብላቱ በላይ ሌላ ጉዳት አለው፤ ፖምፓው በወረደ ጊዜ ሰርባቶዮው ሙሉ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናዪቱ ለጥቂት ቀን ደኅና ትሆንና ሁላችንም «ፖምፓ ነበር» ብለን እናምን ነበር።

ማስጠንቀቂያ

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቁልፍ ለሚያነሣ ወጣት ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ብሎን እያላሉ መፈተን በአሮጌዎቹ ሞተሮች ብቻ የሚሠራ ነው። በኮምፒዩተር በሚታዘዙት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከሺህ አትሞስፌር በላይ፣ አንዳንዴም ከሁለት ሺህ በላይ ይደርሳል፤ እነዚህን ሞተሩ እየሠራ ማላላት ሰው ይገድላል። የእነዚያ ምርመራ በመሣሪያ ይነበባል። ሁለተኛ፣ በአሮጌውም ቢሆን ከኖዝል አፍ ወይም ከላላ ቱቦ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ እጅን ፊት ለፊት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ናፍጣ በቆዳው የገባበት ሰው ቁስሉ እንደ መርፌ ነቁጥ ቢያንስና ባያመውም እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሦስተኛ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ነጠላ፣ ክራቫትና ልቅ እጅጌ ከቺንጊያው ይራቁ፤ ከመኪና ሥር የሚገባም በክሪክ ብቻ አይመን።

አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ጥፋት በየቢሮውም አለ። አንዳንድ ደብዳቤ በሰዓቱ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ይጠፋል። አንዳንድ ተማሪ በአንድ ወር አንደኛ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ይወድቃል። ወዲያውኑ መዝገብ ቤቱን ወይም ልጁን ከመክሰስ በፊት፣ መቼ እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን አንድ ሳምንት መጻፍ ብዙ አያደክምም። የማይሆንበትም ጊዜ መጻፍ አለበት፤ የጋሼን መኪና ያዳኑት ካነከሰችባቸው ስድስት ጉዞዎች እኩል ያላነከሰችባቸው ዐሥራ ሰባቱ ናቸውና።

በሚቀጥለው ሳምንት ባትሪ በብርድ ጧት ለምን እንደሚደክም እንጽፋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።